የባቡር ነጂው ልጅና የአውሮፕላን ኪራይ
ለአቪዬሽን ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

ውድ ሠልጣኞች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆችና እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ።

በእጄ የያዝኩት ብረት ከመታወቂያ ወረቀት አይበልጥም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአውሮፕላን ቴክኒክ መዛግብት ክፍል ነውና እንዲህ ያለ ሰሌዳ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። በኪራይ የሚመጣ አውሮፕላን አንዱን በአብራሪዎች ክፍል፣ ሌሎቹን በየሞተሩ ላይ ተለጥፎበት ይመጣል። «ይህ አውሮፕላን የእገሌ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ለእገሌ አየር መንገድ ተከራይቷል» የሚል ጽሑፍ አለበት። ይህኛው ባለቤቱ ሲለወጥ ተነቅሎ በሌላ ከተተካ በኋላ ለማስታወሻ የተሰጠኝ ነው። አድራሻው ሻነን፣ አየርላንድ ይላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ሻነንን በካርታ ላይ ፈለግኋት። በአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ሆና አገኘኋት። የጃምቦ ጄት ባለቤት እዚያ ምን ይሠራል? ጥያቄው ለብዙ ዓመታት ከአእምሮዬ አልወጣም። መልሱን ስከታተል የደረስኩት ቶኒ ራያን ከሚባል ሰው ዘንድ ነው፤ ዛሬም የማወራችሁ ስለ እርሱ ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ራያን በ1936 በአየርላንድ ቲፐራሪ አውራጃ ተወለደ። አባቱ ማርቲን ባቡር ነጂ ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ በአገሩ አየር መንገድ በኤር ሊንገስ በጸሐፊነት ተቀጠረና ሻነን አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ጀመረ።

ስለ ሻነን ትንሽ ልቆይ፤ ሰውየውን የሠራችው እርሷ ናት ብዬ ስለማምን ነው። በፕሮፔለር ዘመን ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚሻገር አውሮፕላን ነዳጅ ለመቅዳት እዚያ ማረፍ ነበረበት። በዓለም የመጀመሪያው የአውሮፕላን ማረፊያ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተከፈተውም እዚያው በ1947 ነው። ከዚያ ጄቱ መጣ። ጄት ሻነን ላይ ማረፍ አያስፈልገውም፤ ከላይ ያልፋል። ወጣቱ ራያን ሥራ በጀመረባቸው ዓመታት የሻነን ሰዎች ሰማዩን እያዩ «ነገ ምን እንበላለን?» ይባባሉ ነበር። ከዚህ ዓይነት ቦታ የሚነሳ ሰው ገቢ እንዴት በአንድ ጀንበር እንደሚሄድ የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

አየር መንገዱ በኋላ ወደ አሜሪካ ላከው፤ በኒው ዮርክም ሠራ። ወሳኙ ነገር የመጣው ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኤር ሊንገስ ግዙፍ የ747 ጃምቦ ጄቶች ገዝቶ ነበር። በአውሮፓ በጋ አትላንቲክን የሚሻገረው መንገደኛ ይሞላቸዋል፤ ክረምቱ ሲገባ ግን መንገደኛው ይቀንሳል፣ ጃምቦው ይቆማል። እናንተ በቅርቡ እንደምታዩት የቆመ አውሮፕላን እንደ ሥራ ፈት በሬ ነው፤ ይበላል እንጂ አያርስም። የባንክ ብድሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጥገናው ቆመ ብለው አይቆሙም። አንዱ ጃምቦ ኤር ሳያም ለተባለ የታይላንድ አየር መንገድ ተከራየ፤ እርሱን እንዲከታተል ወደ ባንኮክ የተላከውም ራያን ነበር።

በአገራችን አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። መቀናጆ የሚሠራው ሰዎቹ ጎረቤት ስለሆኑ፣ ማን በሬ እንዳለውና ማን እንዳጣ ስለሚተዋወቁ ነው። ራያን ባንኮክ ላይ ሆኖ ያየው ይህንኑ ነገር በዓለም ስፋት ነው። በአንዱ አገር አውሮፕላን ሥራ ፈትቶ ይቆማል፣ በሌላው አገር መንገደኛ ሞልቶ አውሮፕላን ይጠፋል፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። የሚያስተዋውቃቸው ሰው ቢኖርስ? አውሮፕላንን በባለቤትነት የሚይዝና የሚያበር አንድ ሰው መሆን አለበት ያለው ማነው?

በ1975 ጊነስ ፒት አቪዬሽን የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ፤ በምሕፃሩ ጂፒኤ ይሉታል። መነሻ ካፒታሉ 50 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። ኤር ሊንገስና ጊነስ ፒት የተባለው የለንደን የገንዘብ ተቋም 45 በመቶ 45 በመቶ ያዙ፤ ቀሪው 10 በመቶ የራያን ሆነ። ዋና መሥሪያ ቤቱንም ሻነን ላይ አደረገ። መጀመሪያ የሌሎችን አውሮፕላኖች እያገናኘ ኮሚሽን ይበላ ነበር፤ ቀስ በቀስ የራሱን እየገዛ ማከራየት ጀመረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓለም ትልቁ የአውሮፕላን አከራይ ሆኖ ነበር። በ1989 ከ300 በላይ አውሮፕላኖችን በ17 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዘዘ። የቀድሞው የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋረት ፊትዝጄራልድና የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ናይጀል ሎውሰን በቦርዱ ተቀመጡ። የባቡር ነጂው ልጅ!

ጠባዩ ለስላሳ አልነበረም። የሰኞ ስብሰባው የታወቀ ነበር፤ የሽያጭ ሠራተኞቹ በሰው ሁሉ ፊት ይመረመራሉ፣ ይዘለፋሉ። ብዙ ሰዎች ይህንን የስኬቱ ምክንያት አድርገው ያወሩታል። እኔ አልቀበልም። ሰው በፍርሃት ሲሠራ መጥፎውን ወሬ ይደብቃል፤ አውሮፕላን ባለበት ቤት ደግሞ የተደበቀ መጥፎ ወሬ ሰው ይገድላል። ከራያን የምትወስዱት ብዙ አለ፤ ይህንን ተዉት።

ከዚያ 1992 መጣ። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የአየር ጉዞን አዳክሞታል፤ አየር መንገዶች ገንዘብ የላቸውም፤ ጂፒኤ ግን ደጉ ዘመን ላይ ሆኖ ያዘዛቸውን አውሮፕላኖች መቀበልና መክፈል አለበት። መውጫው አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ ነበር። በሰኔ ወር ሽያጩ በዓለም ታላላቅ ገበያዎች ሊከፈት ሲል ገዢ ጠፋ። ሽያጩ ተሰረዘ። የራያን ሀብት ደግሞ በአብዛኛው የዚያው ኩባንያ አክሲዮን ነበር፤ እርሱ ራሱም ተጨማሪ አክሲዮን ለመግዛት 35 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱ ዋጋ አጣ፤ ዕዳው ግን ዕዳ ሆኖ ቀረ። በ1993 ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገብቶ አስተዳደሩን ተረከበ። ራያን ያኔ 57 ዓመቱ ነው። በእኛ አገር በዚህ ዕድሜ ጡረታ ይታሰባል።

የቀረው ለዓመታት ሲያከስር የኖረ አንድ አየር መንገድ ነበር። በ1985 ቤተሰቡ ራያንኤርን አቋቁሞ ነበር። የመጀመሪያው በረራ ከዎተርፎርድ ወደ ለንደን ጋትዊክ፣ በ15 መቀመጫ ኤምብራየር ነው። የአውሮፕላኑ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለነበር የበረራ አስተናጋጆቹ ቁመት ከ1 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በዓመቱ ከደብሊን ወደ ለንደን ሉተን በረረ፤ ደርሶ መልሱን 99 ፓውንድ አለ። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ዝቅተኛው ዋጋቸው 209 ፓውንድ ነበር።

በዚያን ዘመን እንግሊዝ አገር ውስጥ በቤት ግንባታ፣ በሆስፒታል፣ በፋብሪካ የሚሠራው የአየርላንድ ስደተኛ ብዙ ነው። አገሩ ለመግባት በባቡርና በመርከብ ሌሊቱን ሲጓዝ ያድራል። እናት ብትሞትበት ለቀብር መድረሱ ያጠራጥራል። እስቲ ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ወንድም ወይም እህት በባዕድ አገር ያለው፣ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ራያንኤርን ዛሬ በየተጨማሪ ክፍያው የሚያማርሩት ብዙዎች ናቸው፤ እውነትም አላቸው። እኔ ግን ያ 99 ፓውንድ ስንቱን ሰው ለእናቱ ቀብር እንዳደረሰው ሳስብ ሰውየውን እወደዋለሁ።

ርካሽ መሆን ብቻውን ግን አላዋጣም፤ የተጠራቀመው ኪሳራ በ1990 ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። የራያን የገንዘብ ጉዳይ ረዳት የነበረው ወጣት ማይክል ኦሊሪ «ዝጋው» ብሎ መከረው። ራያን እንቢ አለ። ይልቁንም ኦሊሪን ሳውዝዌስት የተባለውን አየር መንገድ አይቶ እንዲመጣ ወደ ቴክሳስ ላከው። የታየው ነገር ቀላል ነበር፦ አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ነፃ ምግብ የለም፣ ያረፈው አውሮፕላን በ25 ደቂቃ ተመልሶ ይነሳል። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን እንደሚበላ ከባንኮክ ጀምሮ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም። በ1997 ራያንኤር አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ጂፒኤ የወደቀበትን ደጃፍ አለፈ። ራያን በጥቅምት 2007 በ71 ዓመቱ ሲሞት ኩባንያው በዓመት ከ40 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን ያጓጉዝ ነበር።

ወደ ሰሌዳዬ ልመለስ። ጂፒኤ ስሙና ባለቤቱ ተቀያይሮ ኤርካፕ ሆኗል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ደብሊን ነው። በ2021 የጄኔራል ኤሌክትሪክን የአውሮፕላን ኪራይ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛና የዓለም ትልቁ አከራይ ሆነ። በ1993 የሄደው ቤት በሃያ ስምንት ዓመቱ ተመለሰ ማለት ነው። በራያን ሥር የሠለጠኑትም በየፊናቸው ተመሳሳይ ኩባንያዎችን መሥርተዋል።

እኛንም ነክቶናል። አከራይ አውሮፕላኑን ሩቅ አገር ሲሰድ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ ኪራዩ ቢቋረጥ ንብረቴን እንዴት አስመልሳለሁ? ለዚህ ፍርሃት የተበጀው የ2001 የኬፕታውን ስምምነት በመጋቢት 2006 በአውሮፕላኖች ላይ ሥራ ላይ ሲውል መጀመሪያ ካጸደቁት ስምንት አገሮች መካከል ኢትዮጵያና አየርላንድ ነበሩ። የስምምነቱ ዓለም አቀፍ መዝገብ የሚጠበቀውም ደብሊን ነው። በሰኔ 2015 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብሊን በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ መብረር ጀመረ።

ከእናንተ መካከል መዛግብት ክፍል የምትመደቡ ትኖራላችሁ፤ ፊታችሁ እንዳይጠቁር። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የኪራይ አውሮፕላን ለመመለስ ስንዘጋጅ የአንድ የማረፊያ ጎማ ዕቃ የትውልድ ወረቀት፣ ማለትም ከተሠራ ጀምሮ ያለውን ታሪክ የሚያሳየው ሰነድ፣ ጠፋ። ዕቃው ደህና ነው፣ ያብረቀርቃል። ወረቀት ከሌለው ግን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ነው የሚቆጠረው። ዘጠኝ ቀን በካርቶን መካከል ተንበርክኬ ፈለግሁ፤ የተገኘው በሌላ ዕቃ መዝገብ ጀርባ ተጣብቆ ነው። ራያን ያቋቋመው ንግድ የቆመው በዚህ ላይ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። ባንኮክ የበረረ አውሮፕላን ሌላ አህጉር ሄዶ ዋጋውን የሚይዘው ጸሐፊው በትክክል ስለጻፈ ነው። እርሱም ጸሐፊ ነበር።

ከሀብቱ ከሰጣቸው ስጦታዎች አንዱ በጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ ተቋም ነው። በራሱ ስም አላስጠራውም። ማርቲን ራያን አለው፤ በባቡር ነጂው አባቱ ስም።

ሰሌዳውን ከፊት ረድፍ እጀምራለሁ፤ ተቀባበሉት። ጀርባው ላይ የብሎኑ ዝገት አለ፣ እጃችሁን እንዳይቧጭራችሁ።