ጄሪ ብራውን፦ በ36 ዓመታቸው ገዥ፣ በ72 ዓመታቸው እንደገና ገዥ

[ምስል፦ ሰማያዊ ፕሊመዝ፣ የ1974 ሞዴል]

የካሊፎርኒያ ገዥ መኪና ይህች ነበረች። ጄሪ ብራውን ሊሙዚኑን ትተው በእሷ ይሄዱ ነበር። ለገዥ በተሠራው ቤትም አልገቡም፤ ሳክራመንቶ ውስጥ በኪራይ አፓርታማ ፍራሽ ወለል ላይ ዘርግተው ያድሩ ነበር። ጃንዋሪ 1975 ሥልጣን ሲይዙ 36 ዓመታቸው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ጃንዋሪ 3 ቀን 1983 ወረዱ፤ በ28 ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2011፣ ተመለሱ። በመሃሉ የኦክላንድ ከንቲባ፣ ቀጥሎም የስቴቱ ዋና ዓቃቤ ሕግ ነበሩ።

ሕጉ እንዴት ፈቀደ? ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ገዥነት የሚመረጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ገደብ ያመጣው ፕሮፖዚሽን 140 (ፕሮፖዚሽን ማለት ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጥበት ሕግ ነው) ግን የጸደቀው ኖቬምበር 1990 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራበትን ዘመን አይቆጥርም። ስለዚህ የብራውን ቆጠራ ከዜሮ ጀመረ። ከብራውን በፊት ሁለት ጊዜ የተመረጡት ገዥ ሽዋርዜኔገር ግን ዛሬ ልመለስ ቢሉ አይሆንላቸውም።

አስቸጋሪው መመለሱ አልነበረም፤ በ1978 የታሰረ ቋጠሮ ቢሮው ውስጥ ይጠብቃቸው ነበር።

ያኔ የቤት ዋጋ ሲወጣ ግብሩም አብሮ ይወጣ ነበር። የስቴቱ ካዝና ደግሞ በቢሊዮኖች ትርፍ ተሞልቷል። ሕዝቡ ተቆጥቶ ፕሮፖዚሽን 13ን አጸደቀ፤ ብራውን ተቃውመው ነበር፣ ካለፈ በኋላ ግን ሥራ ላይ አዋሉት።

[ምስል፦ ጎን ለጎን ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች]

ሕጉ የቤት ግብርን በተመዘገበው ዋጋ 1 በመቶ ላይ ገደበ። ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የተመዘገበው ዋጋ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። በምሳሌ እናስላው። በ1975 በ60,000 ዶላር የተመዘገበ ቤት በ35 ዓመት ቢበዛ 120,000 ይደርሳል፤ ግብሩ 1,200 ዶላር ነው። ተመሳሳዩን የጎረቤት ቤት በ2010 በ600,000 የገዛ ሰው 6,000 ይከፍላል፣ ለአካባቢ ቦንድ (የመንግሥት ብድር) የሚከፈለው ሳይጨመር። ኦክላንድ ወይም ሎስ አንጀለስ በቅርቡ ቤት የገዛ ሐበሻ ይህን ከሂሳብ ወረቀቱ ያውቀዋል።

ብራውንን ያሰራቸው ግን ሌላው አንቀጽ ነው፦ የስቴት ግብር ለመጨመር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

በ2011 ጉድለቱ ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ብራውን ከመንግሥት ሠራተኞች 48,000 ሞባይል እንዲሰበሰብ አዘዙ፤ ከጉድለቱ አንጻር ጠብታ ነው፣ ግን ሰው ያስታውሰዋል። ከዚያ ነባሮቹን ጊዜያዊ ግብሮች ለማራዘም ሕዝቡ ድምፅ ይስጥበት አሉ። ጥያቄውን ወደ ሕዝብ ለማውረድም ከታችኛው ምክር ቤት 80 መቀመጫ 54፣ ከሴኔቱ 40 ደግሞ 27 ድምፅ ያሻል። ዴሞክራቶች 52 እና 25 ነበሯቸው። በየምክር ቤቱ ሁለት ሪፐብሊካን ጠፋ።

የቀረው መንገድ ምክር ቤቱን ዞሮ ማለፍ ነበር፦ 807,615 ትክክለኛ የመራጮች ፊርማ አሰባስቦ ጥያቄውን በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ። ኖቬምበር 2012 ፕሮፖዚሽን 30 አለፈ። የሽያጭ ታክስ በአንድ ዶላር ሩብ ሳንቲም ለ4 ዓመት፣ ከ250,000 ዶላር በላይ በሚያገኙ ላይ ተጨማሪ የገቢ ግብር ለ7 ዓመት።

ገንዘቡ ሲመለስ ብራውን እንደ 1978ቱ በግልጽ ተቆልሎ እንዲያድር አልፈለጉም። በ2014 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 2 በየዓመቱ ከስቴቱ ዋና ካዝና (ጄኔራል ፈንድ) ገቢ 1.5 በመቶ እንዲነሳ ያዛል፤ ለመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ግማሹ ለዕዳ፣ ግማሹ ለመጠባበቂያ። ገዥው የበጀት አደጋ ካላወጀ አይነካም። ቢታወጅም በመጀመሪያው ዓመት ከግማሽ በላይ አይወጣም።

ብራውን ጃንዋሪ 2019 በ80 ዓመታቸው ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ኮሮና ገባ፤ ከመጠባበቂያው 7.8 ቢሊዮን ዶላር ተነሳ፣ ከነበረው ግማሽ ገደማ።