ለትንሽ የዲዛይን ቢሮ የትኛው ፒዲኤም? በአንድ የተበላሸ ሻፍት እንጀምር

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የብረት ሻፍት። ካሊፐር ሲይዘው 35 ይነበባል።]

እንደምን ናችሁ ወገን! እስቲ ይህን ሻፍት እዩት። ያምራል፣ ልሙጥ ነው። 35 ሚሊሜትር ተብሎ 35 ሆኖ ወጥቷል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ መሆን የነበረበት 40 ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ፣ ሦስት ሰዎች ያለንበት ቢሮ አለን። የወፍጮ ክፍል፣ የማጓጓዣ ቀበቶ፣ የውሃ ታንከር መቆሚያ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን እንስላለን። አንድ ደንበኛችን ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ እየተበላበት ተቸገረ። የተገጠመለት ኩሽኔታ ቁጥሩ 6207 ነበር፣ ቀዳዳው 35 ነው። ወደ 6208 ከፍ አደረግነው፣ እሱ 40 ነው። ሻፍቱንም አብረን አወፈርነው። ስዕሉ ተስተካከለ፣ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ተላከ፣ እኛም ምሳ ሄድን።

ቶርኖ ቤቱ ግን የቀደመውም ፋይል አለው። ያኛው «ሻፍት ፋይናል አዲስ» ይላል። የኋለኛው «ሻፍት አዲስ ፋይናል»። አዎ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የቶርኖ ቤቱ ጋሼ ቻቱን ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርገው መጀመሪያ ያገኙትን ከፈቱ። ቀረጹ።

ስደውልላቸው፣ «ጋሼ፣ አዲሱን ልኬልዎት ነበር እኮ!»

«አቦ ልጄ፣ ሁለቱም አዲስ ይላል! የቱ አዲስ ነው አዲሱ?»

ምን እመልሳለሁ? 40ውን ወደ 35 ማውረድ ይቻላል። 35ቱን ወደ 40 የሚመልስ ቶርኖ ግን አልተሠራም። በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ይቀረጻል የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ቀን ሙሉ ለሚሽከረከር ሻፍት እኔ አልደፍርም።

ጋሼ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ልጅ ናቸው። ድሬ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ብረት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ዛሬም የሚጠራው የዚያ ግቢ ልጅ ነው። ማታ ሻይ ስንጠጣ እንዲህ አሉኝ፦ «እኛ ጋ ኦርጅናሉ ከመሳቢያ አይወጣም። ለአንተ ኮፒ ይሰጥሃል። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ሳትመልስ አይሰጥህም።»

ፒዲኤም ማለት ይኸው ነው። ሙሉ ስሙ የምርት መረጃ አስተዳደር ነው፤ ከጋሼ መሳቢያ የሚለየው ኮምፒውተር ውስጥ መሆኑ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ኮምፒውተር፣ መሐላቸው የተቆለፈ ካዝና]

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦርጅናሉ ፋይል ሰርቨር ላይ፣ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ማረም የፈለገ ቼክ አውት ያደርጋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላው ሰው ከፍቶ ማየት እንጂ ማረም አይችልም፤ ፋይሉ ማን እጅ እንዳለም ስሙ ይታያል። ሲጨርስ ቼክ ኢን ያደርጋል፣ አዲስ ቨርዥን ይመዘገባል። የቀድሞው አይጠፋም፣ ከሥር ይቀመጣል። ሦስተኛው ነገር ማጽደቅ ነው። «በሥራ ላይ» ያለ ስዕል ከቢሮ አይወጣም። ኃላፊው አይቶ «ጸድቋል» ሲል ብቻ ይወጣል፤ ለመቀየር ደግሞ ሪቪዥኑ፣ ማለትም የጸደቀው ስዕል መለያ ፊደል፣ ከኤ ወደ ቢ መሄድ አለበት።

ለሦስት ሰው ቢሮ ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ ምንም አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሻጭ ሲመጣ የሚያሳያችሁ ግን ሌላ ነው፤ የግዢ ክፍል ማያያዣ፣ ባለቀለም ሪፖርት፣ ዳሽቦርድ። ደስ ይላል። እኛ ቢሮ የግዢ ክፍል የሚባለው የእኔ ባጃጅ ተኮናትሮ ቀፊራ ገበያ መውረድ ነው።

«ታዲያ የጋራ ፎልደር አይበቃም ወይ?» ለነጠላ ስዕል ይበቃ ይሆናል። ለአሴምብሊ፣ ብዙ ክፍሎች ተገጣጥመው ለሚታዩበት ፋይል፣ ግን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እንደ ሶሊድወርክስ ባለ ፕሮግራም የተሠራ አሴምብሊ ክፍሎቹን ውስጡ አይዝም። የሚይዘው አድራሻቸውን ነው። «ሻፍቱ እዚያ ፎልደር ውስጥ፣ በዚህ ስም አለ» ብሎ ነው የሚያስታውሰው። አሁን አንድ ልጅ ቢሮውን ላጽዳ ብሎ በዊንዶውስ በኩል የፋይሉን ስም ቀየረ እንበል። ነገ ጠዋት አሴምብሊው ሲከፈት ሻፍቱን ይፈልጋል፣ ያጣዋል። የባሰው ደግሞ ሌላ ፎልደር ውስጥ የተረሳ ተመሳሳይ ስም ያለው አሮጌ ሻፍት አግኝቶ እሱን ሲጭን ነው። ስህተቱን ማንም አያይም፤ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ሻፍት ሻፍት ነው። ፒዲኤም ውስጥ ስም ሲቀየር ግን ሲስተሙ ያንን ክፍል የሚጠሩትን አሴምብሊዎች ስለሚያውቅ አድራሻውን አብሮ ያስተካክላል። የፎልደርና የፒዲኤም ትልቁ ልዩነት ይኼ ነው።

ወደ ምርጫው እንምጣ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ፒዲኤም ይሻላል?» አይደለም። «በምን ነው የምትስሉት?» ነው። በሶሊድወርክስ ከሆነ፣ ፒዲኤም ስታንዳርድ የሚባለው ከፕሮፌሽናልና ከፕሪሚየም ፈቃዱ ጋር አብሮ ይመጣል። ከተራው ስታንዳርድ ፈቃድ ጋር አይመጣም፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል እንዳትሸወዱ። በኢንቬንተር የምትስሉ ከሆነ ቮልት ቤዚክ አለ። ቼክ አውቱንና ቨርዥኑን ይሠራል፣ የማጽደቁንና የሪቪዥኑን ሥራ ግን አይሠራም፤ ለዚያ ቮልት ፕሮፌሽናልን ለብቻው መግዛት ይጠይቃል። ካልገዛችሁት ማጽደቁን በወረቀትና በፊርማ መያዝ ይቻላል፤ አያሳፍርም።

(በክራክ የምትሠሩ፣ ስም አልጠራሁም። ግን የድርጅቱን ሥራ ሁሉ የሚይዝ ካዝና በክራክ ላይ ማቆም ቤት በአሸዋ መመሥረት ነው።)

ሌላው ኦንሼፕ ነው። እሱ ከሥሩ የተለየ ነው፤ ፋይል የሚባል ነገር የለውም። ስዕሉ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ቨርዥኑም አብሮት የተሠራ ነው፣ ሰርቨር መግዛት የለም። ፒቲሲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ገዝቶታል። እኔ ወድጄዋለሁ። ሁለት ነገር ግን እወቁ። በነጻው ዕቅድ የምትስሉት ማንም የሚያየው ክፍት ሰነድ ነው፣ ለንግድ ሥራም አልተፈቀደም፤ የደንበኛ ዲዛይን እዚያ አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ ኔት ሲጠፋ ቢሮው ይዘጋል። ኔት ጠፍቶ የምንቀመጥባቸውን ቀናት ቁጠሩና ወስኑ።

ክፍያውም አለ። በደንበኝነት የሚከፈል ሁሉ በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የዓመት በጀት በብር የያዘ ቢሮ ያን ጊዜ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በብር ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ክፍያው ቢቋረጥ ፋይላችንን ማየት እንችላለን ወይ?

ገንዘብ የሌለውስ? ሰብቨርዥን አለ፣ ነጻ ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የተሠራ የቆየ ሲስተም ነው። አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ፋይሉን «ካልተቆለፈ አይታረምም» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ቁልፉን እስክትወስዱ ድረስ ፋይሉ ለማንበብ ብቻ ይሆናል። ጊትን የሚመክሯችሁ ወጣቶች ይኖራሉ። ጊት ለጽሑፍ ድንቅ ነው፤ ሁለት ሰው ያረመውን ኮድ ያዋህዳል። ሁለት ሰው ያረመውን ሻፍት ግን አያዋህድም። ለስዕል መቆለፍ ይሻላል። ነጻ ከሆነው የስዕል ፕሮግራም ከፍሪካድ ጋር ሰብቨርዥንን ያቆመ ቢሮ ለፈቃድ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል መሥራት ይችላል። ፍሪካድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 እትም 1.0 ላይ ደርሷል፤ ድሮ ሞክራችሁ የተዋችሁት ካላችሁ ድጋሚ እዩት። ያጣችሁት አንድ ነገር ቢኖር ያ የአድራሻ ዕውቀት ነው። ሰብቨርዥን አሴምብሊ ምን እንደሆነ አያውቅም።

[ምስል፦ የሰርቨር ፎልደር ሲከፈት። ቁጥርና ፊደል ብቻ ይታያል።]

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ቦታ ላይ ደረስን። ይህ የሶሊድወርክስ ፒዲኤም ማከማቻ ነው። ከፈትኩት፤ የፎልደሮቹ ስም ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ይሄዳል። ውስጥ ስትገቡ ሌላ ኮድ። ሻፍቱ የት ነው? አይታወቅም። የትኛው ኮድ የትኛው ሻፍት እንደሆነ የሚያውቀው ዳታቤዙ ብቻ ነው። ዳታቤዙ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ማከማቻውን ብቻ ፍላሽ ላይ የገለበጠ ሰው ስም የሌለው የብረት ክምር ይዟል። ዳታቤዙን ብቻ የያዘ ደግሞ ዝርዝር አለው፣ ዕቃው የለም። ባክአፕ ሲባል ሁለቱ አንድ ላይ፣ በአንድ ሌሊት ነው።

በነገራችን ላይ ከፒዲኤም ስታንዳርዱ ጋር የሚሠራው ነጻው ኤስኪውኤል ኤክስፕረስ እስከ 2022ቱ እትም ድረስ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ወሰን አለው። አትደንግጡ። ስዕሎቹ ዳታቤዙ ውስጥ ስላልሆኑ ትንሽ ቢሮ እዚያ ወሰን ላይ ለመድረስ ብዙ ይቆያል።

ሰርቨሩ ምድር ላይ አይቀመጥ። ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ አየር የሚያገኝ ክፍል፣ ከሥሩ ዩፒኤስ። ዩፒኤሱ ለኮምፒውተራችሁ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ለሰርቨሩ ነው፤ ቼክ ኢን መሐል መብራት ሲሄድ ዳታቤዝ ሊጎዳ ይችላል። እኛ ሁለት የባክአፕ ዲስክ አለን። አንዱ እዚህ ከዚራ ነው፤ ሌላው አርብ አርብ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ፣ ባልደረባዬ ቤት ያድራል።

ስለ ስም አወጣጥም ትንሽ። ስዕልን በትርጉም አትሰይሙ። «ወፍጮ፣ ሻፍት፣ ትልቁ» ዛሬ ይገባል፤ ከትልቁ የሚበልጥ ሲመጣስ? ዝም ብሎ ተራ ቁጥር ይሻላል፤ 1042፣ 1043። መግለጫው በሌላ ሳጥን ይጻፍ። እዚያ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ግን ፊደላችን ጣጣ አለው። እኔ «ማሰሪያ» ብዬ ስፈልግ ባልደረባዬ «ማሠሪያ» ብላ ያስገባችው አይወጣም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እኛ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ በንጉሡ ሠ ቃል አናስገባም አልን። የአማርኛ መምህሬ እንዳይሰሙ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 12/05/2016 የሚል ስዕል አገኘን፤ በእኛ ነው በፈረንጅ? ስምንት ዓመት ገደማ ልዩነት አለው። ሲስተሙ በራሱ የሚጽፈው በፈረንጅ ነው። ለደንበኛ በእኛ ከጻፋችሁ «ዓ.ም.» የምትለዋን አትዝለሉ።

[ምስል፦ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ የተነቀለ ሶኬት]

እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት የሙከራ ፈቃድ ጠይቁ፤ የሻጩን ማሳያ ሳይሆን የራሳችሁን አሮጌ ፕሮጀክት አስገቡ። የተዝረከረከውን ምረጡ። ከዚያ አስቸግሩት። አሴምብሊ ውስጥ ያለ ክፍል ስም ቀይሩና ክፈቱት። ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ቼክ አውት ለማድረግ ሞክሩ። አንዱ ቼክ አውት አድርጎ ፋይሉን እንደያዘ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ሌላው ሥራውን እንዴት እንደሚያስለቅቅ እዩ። በበርጫ ሰዓት ስልክ የማያነሳ ባልደረባ ያላችሁ ይህን አትዝለሉት። ከዚያ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱትና ከሁለት ወር በፊት የነበረ አንድ ቨርዥን አውጡ።

መጨረሻ ላይ ሁሉንም ፋይል ከካዝናው ወደ ተራ ፎልደር አውጡ፣ በስማቸው። ፒዲኤሙ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ አሴምብሊውን ክፈቱ። ካልተከፈተ ሻጩን ጠርታችሁ እሱ ይክፈተው። ገንዘቡ ገና ኪሳችሁ ውስጥ ነው።