«ወንጂ ነው ያደግሽው?»

እሺ... ዛሬ የአከራዬን ታሪክ ክፍል ሁለት የምትጠብቁ፣ ይቅርታ፣ ለሚቀጥለው ይሁን። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር እያብሰለሰለኝ ነው።

ጥርሴን ላስነጣ ነው አላልኳችሁም? ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ተጋደምኩ፣ መብራቱ ዓይኔ ላይ በራ። ዶክተሯ ያቺን ትንሽ መስታወት አስገባችና የላይኛውን ከንፈሬን በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ገና ምንም አልነገርኳትም።

«ወንጂ ነው ያደግሽው?» አለችኝ።

«አይ፣ አዲስ አበባ ነኝ» አልኳት።

መስታወቱ አፌ ውስጥ እያለ! ቃሉ በደንብ እንኳ አልወጣም። ግን አልኩት። እሷ ደግሞ ጥርሴ ላይ ያለውን ቡኒ መስመር እያየችው ምንም አላለችም። ዝም ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ስንቱ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተጋድሞ እንደኔ ብሏት ይሆን?

ከዚያ አስረዳችኝ። የሻይና የቡናው እድፍ ከላይ ስለሚቀመጥ ይለቃል። ይሄኛው ግን ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ውሃው ውስጥ ካለው ፍሎራይድ ከሚባል ማዕድን የመጣ ነው። እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ገደማ ነው የሚይዘው። ቡኒው ቢቀልም ነጫጭ ነጠብጣቡ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ካልሆነ ጥርሱን ትንሽ ሞርዶ ከላይ ስስ ሽፋን መለጠፍ ነው።

8 ዓመት ስትል አባዬ ትዝ አለኝ። ከከምባታ ወንጂ ለሸንኮራ ቆረጣ ሲመጣ 20 ዓመቱ ነበር። ያንኑ የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። ጥርሱ ግን እስከ ዛሬ ወተት ነው። በመፋቂያው እየጠቆመ «ስለማትፍቁ ነው» ይለን ነበር። እኛም አምነነው ድዳችን እስኪደማ እንፍቅ ነበር። በከሰል፣ በጨው፣ በሎሚ። ለካ የሱ ጥርስ ወንጂ ሲደርስ ተሠርቶ ያለቀ ነበር።

እማዬ ግን እዚያው ወንጂ፣ የሠራተኞች ካምፕ ነው የተወለደችው። ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። ውሃውን አፍልታ ነበር የምታጠጣን፣ ንጹሕ እንዲሆንልን ብላ። ማፍላት ደግሞ ፍሎራይዱን አያወጣውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበዛል። ይሄን እንዴት ነው የምነግራት?

ይሄ ያናድደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይዱ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። ስምጥ ሸለቆ ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ፣ ፍሎራይዱን ይዞ ነው የሚመጣው። የወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ የነበረባቸው ናቸው። የስኳር ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ስንት ልጅ አደገበት...

ማታ እማዬ ደወለች። «ምን አሉሽ? ይለቃል?»

«ትንሽ ይቀላል አሉ።»

ዝም አለች። ስለ ውሃው ልታነሳ ነው ብዬ ስፈራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለኔስ... በዚህ ዕድሜ ይሆናል?» አለችኝ።

63 ዓመቷ ነው። አንድም ቀን ትፈልግ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድም ቀን!

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ይዣት ልሂድ እያልኩ ነው። ግን ዶክተሯ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ «ወንጂ ነው ያደጉት?» ስትላት፣ እማዬ «አዎ ልጄ፣ ከነልጆቼ» ነው የምትላት። እኔ ደግሞ እዚያው አጠገቧ ቆሜ... እንጃ... ብቻ...