ሰዎቻችንን ይዘን መውጣት ብንችል

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ፔጅና ቻናል የምታስተዳድሩ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! ደብረ ማርቆስ ድረስ ከቡሬና ከሞጣ የመጣችሁ አላችሁና በተለይ እናንተን አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሳው አንድ ነገር ነው፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ መውጣት ስለመቻል። ፌስቡክን ዝጉ፣ ቴሌግራምን አጥፉ ልላችሁ አልመጣሁም። መውጣት ብትፈልጉ ሰዎቻችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግጥም ሲጽፍ፣ የከተማውን ታሪክ ሲያሰባስብ፣ የጤና ምክር ሲያካፍል ዓመታት የቆየ ሰው አለ። ተከታዮቹን ያፈራው አንድ በአንድ ነው። ፔጁ ነገ ቢዘጋበት ምን ይተርፈዋል? ጽሑፉን ቀድሞ አውርዶት ከሆነ እሰየው። ተከታዮቹን ግን የት ብሎ ይፈልጋቸው? ይህ ደግሞ ያልታየ ነገር አይደለም። ጉግል ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራው ተጠቃሚ ሲዘጋ እዚያ የተሰባሰበው ሁሉ ተበትኗል። ትዊተርም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ትዊተርን ለመጠቀም ሌሎች የሠሯቸውን መተግበሪያዎች በድንገት ቆረጣቸው። ሰዎች ዓመታት የለፉበት ሥራ በአንድ ሌሊት ቆመ።

ኢሜይል ላይ እንዲህ አይደለም። ጂሜይል ያለው ያሁ ላለው ይጽፋል። የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ያለው ለሁለቱም ይጽፋል። ኤስኤምቲፒ የሚባለው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ወጣ፤ ለማንም ክፍት ነው። ታዲያ ፌስቡክ ላይ ያለ ሰው ቲክቶክ ላይ ያለውን ወንድሙን ከዚያው ሆኖ ለምን አይከተለውም? ቴክኖሎጂው ጠፍቶ አይደለም። ድርጅቶቹ ስላልፈለጉ ነው።

ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ዋሸራ አንድ የቅኔ ቤት ነው፤ ጎንጅ ሌላ። የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ግን የትም ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፤ መወድስም የትም ስምንት ቤት ነው። ስለዚህ ተማሪው መምህር ቢቀይር ያወቀው ቅኔ አብሮት ይሄዳል። «እኔ ዘንድ የተማርከውን ትተህ ውጣ» የሚል የኔታ የለም። ክፍት ፕሮቶኮል የምንለው ይህን የመሰለ፣ መተግበሪያዎች የሚግባቡበትን የጋራ ልክ ነው።

ከነዚህ ፕሮቶኮሎች በሰፊው የሚሠራበት አክቲቪቲፐብ ነው። የድረ ገጽ ደንቦችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 አጽድቆታል። እያንዳንዱ አካውንት የመላኪያና የመቀበያ ሳጥን አለው። እኔ ስጽፍ የኔ ሰርቨር፣ ማለትም አካውንቴን የያዘው ኮምፒውተር፣ ጽሑፉን ወስዶ ተከታዮቼ ባሉበት ሰርቨር ሁሉ ያደርሰዋል። ኦይገን ሮህኮ ጀርመን ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ያወጣው፣ እንደ ትዊተር አጫጭር ጽሑፍ የሚለጠፍበት ማስቶዶን ዛሬ የሚሠራው በዚህ ነው። ቪዲዮ የሚጫንበት ፒርቲዩብም ይህንኑ ስለሚጠቀም ማስቶዶን ላይ ሆናችሁ የፒርቲዩብ ቻናል መከተል ትችላላችሁ። ማስቶዶን ላይ ሰርቨር ስትቀይሩ ተከታዮቻችሁ አብረዋችሁ ይዛወራሉ። የቆዩ ጽሑፎቻችሁ ግን እዚያው ይቀራሉ። ለጸሐፊ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ከአሁኑ እወቁት።

ሌላው ማኅበራዊ መረብ ብሉስካይ የቆመበት ኤቲ ፕሮቶኮል ጽሑፉም አብሮ እንዲዛወር ተደርጎ የተሠራ ነው። የራሳችሁን ዶሜን (የድረ ገጽ አድራሻ) መጠሪያ ማድረግም ትችላላችሁ። ይሁንና አብዛኛው ተጠቃሚ አሁንም ያለው በራሱ በድርጅቱ ሰርቨሮች ላይ ነው። ኖስተር የሚባል ሌላ ፕሮቶኮልም አለ። እሱ ማንነታችሁን ከአንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ጋር ያስራል፤ ቁልፉ ከጠፋ የሚመልስላችሁ የለም። ለጀማሪ አልመክረውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቁጥጥሩ ጉዳይ ነው። በአማርኛ የሚጻፍ ጥላቻ ብዙ ጊዜ ሰምና ወርቅ ለብሶ ይመጣል። ላዩ ተረት ይመስላል፤ ውስጡ ሰው ያስደበድባል። ሩቅ አገር ያለ ተቆጣጣሪ ይህን እንዴት ይለየዋል? የራሳችን ሰርቨር ቢኖረን ደንቡን እኛ እናወጣለን። የሚከታተለውም የአገሩን ልጅ አነጋገር የሚያውቅ ሰው ይሆናል። ጥላቻ የሚረጭ ሌላ ሰርቨር ቢመጣ ከሱ ጋር ያለንን ግንኙነት መቁረጥ እንችላለን። ሸክሙም ታዲያ የኛው ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ጥቆማ ሲመጣ ተነስቶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ሰርቨር መከራየት ከዚህ ይቀላል፤ እመኑኝ።

ፕሮቶኮል የማይፈታው ነገርም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መስመር ሲቋረጥ ክፍቱም ዝጉም እኩል ይጠፋል። የሚጠቅመው በሰላሙ ጊዜ የጻፍነውን በእጃችን አስቀርተን መቆየት ነው።

ስለዚህ በትንሹ እንጀምር። ማስቶዶን በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ሲያቆሙትም ብዙ ይማሩበታል። መጀመሪያ ለመምህራንና ለተማሪዎች ብቻ ክፍት ይሁን። ሌሎቻችሁ ፔጆቻችሁን ሳትዘጉ አንዱን ጽሑፍ በሁለቱም ቦታ ለጥፉ። አንባቢ ስታፈሩ ደግሞ «ሌላም ቦታ አለሁ» በሉት። እኔ ከጥያቄና መልሱ በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላፕቶፕ ይዤ እቀመጣለሁ። አካውንት መክፈት የፈለገ ይምጣ፤ አብረን እንከፍታለን። ሰርቨሩን ለመከታተል ፈቃደኛ የሆነ ግን ቅድሚያ አለው፤ በተለይ ማታ ማታ ጊዜ ያለው ስሙን ያስመዝግብ።