ያልተከፈተው ኮድ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ማውራት የፈለግኩት ስለ ኪውአር ኮድ ነው፤ በስልክ ካሜራ ስለሚነበበው የጥቁርና ነጭ ካሬዎች ምልክት። በተለይ ሥራ ስንፈልግ ሲቪያችንና ፖርትፎሊዮአችን ላይ ስለምናደርገው። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔን ግን አንድ ቀን ክፉኛ አሳዝኖኛል። ከዚያ ወዲህ የሰው ሲቪ ላይ ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። የእኛ ሥራ ወረቀት ላይ አይታይም። ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አለው፤ ቆረጣው ማማሩ የሚታወቀው ሲጫወት ነው። ቃለ መጠይቅ ስትገቡ ግን እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ስለዚህ ከሠራኋቸው ቪዲዮዎች አንዳንድ ምስል እያወጣሁ ባለ 8 ገጽ ፖርትፎሊዮ አዘጋጀሁ። በየምስሉ ሥር ኪውአር ኮድ አደረግኩ። ጥሩ ወረቀት ላይ 30 ቅጂ አሳተምኩ። ማታ ማታ እያወጣሁ አገላብጠው ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሦስት ጠያቂዎች ነበሩ። መሃል የተቀመጡት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴትዮ ናቸው። ሁለቱ ሲጠይቁኝ እሳቸው ዝም ብለው ፖርትፎሊዮውን ያገላብጡ ነበር። ገጽ 3 ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀል አድርገው ስልካቸውን ከቦርሳ አወጡ። ወረቀቱ ተጣጥፎ ስለነበር በግራ እጃቸው ጫን ብለው አቃኑት። ከዚያ ካሜራውን አስጠጉ።

ወዲያው ተነበበ። ገጽ 3 ላይ ያለው ደግሞ በጣም የምወደው ሥራዬ ነው። አንድ ሽማግሌ እንጨት ሲልጉ የሚያሳይ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ። የመላጊያውን ድምፅ ከትንፋሻቸው ጋር ለማስማማት ሁለት ሌሊት ሠርቼበታለሁ። አሁን ያዩታል ብዬ ጠበቅኩ።

ሴትዮዋ ስክሪኑን ነካ አደረጉት። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዙረው «እንዲህ ይላል» አሉኝ። ነጭ ገጽ ነው። ኮዱ አገልግሎት እንዳቆመ፣ ባለቤቱ ክፍያ ከፈጸመ መልሶ እንደሚሠራ የሚናገር ጽሑፍ። የእኔን ስልክ መግቢያው ላይ አስረክቤ ስለገባሁ ከዚያ ላሳያቸው አልቻልኩም። «ችግር የለም፣ እንቀጥል» አሉና ገጹን ገለጡት። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሥራውን አላገኘሁም። በዚያ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። ግን ሥራዬን ሳያዩት ነው ያለፉኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ቤት ገብቼ ነገሩን ማጣራት ጀመርኩ። ኮዱን የሠራሁት «ነጻ» ከሚል ድረ ገጽ ላይ ነበር። ነጻ የነበረው ለ14 ቀን ብቻ ነው። ይሄ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እኔ አላነበብኩትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ኪውአር ኮድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቋሚ ነው፤ ስታቲክ ይሉታል። በጥቁርና በነጭ ካሬዎቹ የተጻፈው የእናንተው አድራሻ ነው። ስልኩ ያነባል፣ ቀጥታ ይሄዳል። መሃል ላይ ማንም የለም። ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ሌላው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። ካሬዎቹ ላይ የተጻፈው የእናንተ ሳይሆን ኮዱን የሠራላችሁ ድርጅት አጭር አድራሻ ነው። ስልኩ መጀመሪያ እነሱ ጋ ይሄዳል፤ እነሱ ናቸው ወደ እናንተ የሚያሳልፉት። እነሱ ማሳለፍ ሲያቆሙ ወረቀቱ ላይ ያለው ኮድ ከንቱ ይሆናል። በዓይን ስታዩት ሁለቱ አንድ ናቸው። ክፋቱ እሱ ነው።

ዳይናሚኩ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከታተመ በኋላ መድረሻውን መቀየር ይቻላል፤ ስንት ሰው እንዳነበበውም ይቆጥራል። ለማስታወቂያ ሥራ ጥሩ ነው። ሥራ ፈላጊ ግን ወረቀቱን ሰው እጅ ላይ ትቶ ነው የሚሄደው። ያ ወረቀት መቼ ከመሳቢያ ወጥቶ እንደሚታይ አያውቅም። ነገ ሊሆን ይችላል፤ ከስምንት ወር በኋላም ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ይሄ ነገር ከመሠረቱ ነጻ መሆኑን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ኪውአር ኮድን ጃፓን ውስጥ በ1994 የሠራው ማሳሂሮ ሃራ የሚባል፣ ዴንሶ የተባለው የመኪና ዕቃ አምራች ኩባንያ መሐንዲስ ነው፤ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ። ለስልክ አልነበረም። የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር ነው። ባርኮድ የሚይዘው ጥቂት ፊደልና ቁጥር ስለነበር ሠራተኞች አንድ ሳጥን ላይ ብዙ ባርኮድ ሲያነቡ ይውሉ ነበር። ኩባንያው ፓተንቱን፣ ማለትም የፈጠራ መብቱን፣ ይዞ ነበር፤ ግን መብቱን አላስከብርም፣ ማንም ይጠቀምበት ብሎ ተወው። ስለዚህ ለኮዱ ለራሱ ማንም መክፈል የለበትም። እኔን ክፍያ የጠየቁኝ ለኮዱ አልነበረም፤ መሃል ላይ ቆመው ሰው ስለሚያሳልፉበት ነው።

ኮዱ እንኳ በዚያ ቀን አላሳፈረኝም። ወረቀቱ ተጣጥፎም ተነብቧል። ይሄም እንዲያው በዕድል አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ቅባትና አቧራ ስላለ፣ ቢበላሽም እንዲነበብ ተደርጎ ነው የተሠራው። አራት ደረጃ አለው፤ ትንሹ 7 በመቶ ያህል ጉዳት ይችላል፣ ትልቁ 30 በመቶ ያህል። በሦስቱ ማዕዘን ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ደግሞ ካሜራው ኮዱን ቶሎ እንዲያገኘው ናቸው። ጥቁሩና ነጩ 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 1 በሆነ መጠን ነው የሚፈራረቀው። ይህን መጠን የመረጡት የሕትመት ሥራዎችን አገላብጠው፣ ከሁሉም እምብዛም የማይገኘው እሱ መሆኑን ካዩ በኋላ ነው። ከሌላ ጽሑፍ ጋር እንዳይምታታ። አንድ ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ይህን ያህል ሲጨነቅ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ መሃሉ ላይ አርማችሁን ወይም ፎቶአችሁን ስታደርጉ ያን መጠባበቂያ እየበላችሁ ነው። ይነበብ ይሆናል። ግን ለታጠፈ ወረቀት የተቀመጠውን ነው ለጌጥ ያዋላችሁት። እኔ ኮዱን ያለ ጌጥ ብተወው እመርጣለሁ።

አሁን እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ። የራሴ የሆነ አጭር የድረ ገጽ አድራሻ ገዛሁ። ኮዱ ስታቲክ ነው፤ ወደዚያ አድራሻ ይወስዳል። ገጹ የእኔ ስለሆነ ውስጡ ያለውን ሥራ በፈለግኩ ጊዜ እቀይራለሁ። ዳይናሚኩ የሚሰጠውን ጥቅም መሃል ሰው ሳይገባ አገኘሁት ማለት ነው። አድራሻውን በየዓመቱ ማደስ አለብኝ፤ እሱን ግን እኔው ነኝ የማውቀው። አጭር መሆኑም ይረዳል። ኪውአር ኮድ ከ21 በ21 ካሬ ጀምሮ እስከ 177 በ177 ይደርሳል። የምትጽፉበት ሲረዝም ካሬው ይበዛል፣ ይደቃል፣ ካሜራው ይቸገራል። ስፋቱን ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ዙሪያውን በአራት ካሬ ስፋት ነጭ ተዉለት። ቀለሙ ጥቁር በነጭ ይሁን፤ ተገልብጦ ነጭ በጥቁር ሲሆን የማያነቡት ስልኮች አሉ።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ሲቪውን በኢሜይል ስትልኩት ቀጣሪው በስልኩ ይከፍተዋል። ኮዱ እዚያው ስልክ ላይ ነው ያለው። በምን ያንብበው? ስለዚህ ፒዲኤፉ ላይ ኮዱ ሲነካ እንዲከፍት አድርጉት፤ ከሥሩም አድራሻውን በፊደል ጻፉ። ሲቪ የሚለዩ ሶፍትዌሮችም አሉ፤ የሚፈልጉት ጽሑፍ ነው። ኮድ ውስጥ ብቻ ያስቀመጣችሁት ችሎታ ለእነሱ የለም። ደግሞ በሐሰተኛ ኮድ የተጭበረበሩ ሰዎች ስላሉ ያልታወቀ ኮድ የማይነካ ቀጣሪ አለ፤ እውነቱን ነው። አድራሻው ተጽፎ ሲያየው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ጊዜው አልፎ አሁን እኔ ራሴ የሌሎችን ፖርትፎሊዮ የማይበት ጊዜ መጥቷል። ብዙ አይቻለሁ። አንዱ በአንድ ገጽ ላይ 11 ኮድ ደርድሯል፤ ካሜራዬ አንዱን ስፈልግ ሌላውን ያነባል። የሌላዋን ኮድ ስከፍት «ፈቃድ ይጠይቁ» የሚል ገጽ መጣ። ፋይሉን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ረስታ ነው። በእሷ ስልክ ላይ ይከፈታል፤ የፋይሉ ባለቤት ናትና። ይህን ሳይ የዚያን ቀኑ ስሜት መጣብኝ። ደወልኩላትና ነገርኳት። በአስር ደቂቃ አስተካከለችው። ሥራዋ ጥሩ ነበር፤ በጣም ጥሩ።

አንድ ልጅ ደግሞ አለ። ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያመጣው። መጨረሻው ላይ አንድ ኮድ፤ ከሥሩ «40 ሰከንድ፤ ድምፁን ከፍ ያድርጉት» ይላል። ከፈትኩት። አንድ ትዕይንት ነው፤ መጀመሪያ ጥሬው፣ ቀጥሎ እሱ ቆርጦ የሠራው። ሌላ ምንም የለም። ያቺን «40 ሰከንድ» የምትል መስመር ሳነብ ይህ ልጅ ሰው ጊዜ እንደሌለው ያውቃል አልኩ። ኮዱ ምን እንደሚያሳየኝ ነግሮኛል፤ ስንት ጊዜ እንደሚወስድብኝም ነግሮኛል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።

ሌሎቹ ብዙዎቹ የሚወስዱኝ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው ነው። እዚያ ሠርግም አለ፣ ልደትም አለ። ሥራቸውን ፈልጌ ማግኘት የእኔ ድርሻ ይሆናል። አንዳንዶች ደግሞ የቤት አድራሻቸውን፣ የመታወቂያቸውን ኮፒ ሳይቀር እዚያ ያስቀምጣሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም።

ይህን ከመቅዳቴ በፊት ከእነዚያ 30 ቅጂዎች የተረፈችውን አንዷን አወጣኋት። ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። ገጽ 3ን ከፍቼ በእህቴ ስልክ ስካን አደረግኩት። ያ ነጭ ገጽ እንኳ አሁን አይመጣም፤ ድረ ገጹ አልተገኘም ነው የሚለው። ከዚያ አዲሱን ፖርትፎሊዮ ከጎኑ አስቀምጬ ያንኑ አደረግኩ። እህቴ ቪዲዮውን አይታው አታውቅም ነበር። ሽማግሌው መላጊያቸውን ሲያነሱ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ እስኪያልቅም አንድ ቃል አልተናገረችም።

በሉ፣ ቸር ሰንብቱ። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።