«ዘ ሲግናል»፦ ሃያስያንን ያከራከረው መሃለኛው ክፍል

[ምስል፦ ባዶ ኮሪደር። ከሩቅ የተበላሸ ቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል]

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ቴሌቪዥኑ ፕሮግራሙን አቋርጦ የሚርገበገብ ቀለም ብቻ ያሳያል፤ ሬዲዮውም ስልኩም እንግዳ ጩኸት ያሰማሉ። ይህን ሞገድ ያየና የሰማ ሰው ጓደኛውንም ሆነ ሚስቱን ለመግደል በቂ ምክንያት ያገኘ ይመስለዋል። «ዘ ሲግናል» የተባለው አስፈሪ ፊልም መነሻው ይኸው ነው።

ፊልሙ የተሠራው አትላንታ ውስጥ፣ በ50,000 ዶላር ገደማ፣ በ13 ቀን ቀረጻ ነው። ዴቪድ ብሩክነር፣ ጄኮብ ጄንትሪና ዳን ቡሽ ታሪኩን ለሦስት ተካፍለው እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ጽፈው አዘጋጁ። ገጸ ባሕርያቱ እነዚያው ናቸው፣ ታሪኩም ይቀጥላል፤ ከክፍል ክፍል የሚለወጠው ስልቱ ነው። ጭቅጭቁም የተነሣው በዚሁ ነው።

[ምስል፦ የቤዝቦል ዱላ የጨበጠ እጅ]

የመጀመሪያው ክፍል ብዙም አላከራከረም። ሉዊስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከተበላሸው ቴሌቪዥን ጋር ይታገላል፤ ጨዋታው ተቋርጦባቸው ተናደዋል። ሚስቱ ማያ አምሽታ ትገባለች። የት እንደቆየች ሲጠይቃት የሚሰማው ገና የተለመደው የባል ቅናት ነው። ጥቂት ቆይቶ ዱላው ጓደኛው ላይ ያርፋል። የሉዊስ የራሱ ንዴት የት ላይ አብቅቶ የሞገዱ ሥራ የት ላይ እንደጀመረ መለየት አይቻልም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ክፍል ግን ድንገት ወደ ጥቁር ኮሜዲ ይዞራል። አንዲት ሴት ባሏን ገድላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ለበዓሉ እንግዶች ትሰናዳለች። ሉዊስም ማያን ፍለጋ እዚያው ቤት ይደርሳል። ያልወደዱት ሃያስያን «የተገነባው ፍርሃት ሁሉ ፈሰሰ» ባዮች ናቸው። የወደዱት ደግሞ ከሦስቱ ምርጡ ይህ ነው ይላሉ፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን። ሞገዱ ሰውን አያደነዝዝም። የተለከፈው ሰው ያወራል፣ ይከራከራል፣ ማስረጃ ያቀርባል፤ የተበላሸው የሐሳቡ መነሻ ነው። ይህን ከውስጥ ለማሳየት፣ ራሱን ትክክል አድርጎ የሚቆጥር ሰው በአንድ ሳሎን ውስጥ በትሕትና ሲያወራ ማየት ያስፈልጋል። ሳቁ የመጣው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ላይ የቀረበው ወቀሳ ግን ተገቢ ነው፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ እውኑና ቅዠቱም ከመጠን በላይ ይደባለቃሉ።

[ምስል፦ የመቶኛ ቁጥር በትልቁ]

ታዲያ ግምገማዎቹ እንዴት ይነበቡ? ከመቶኛው አትጀምሩ። ግምገማዎችን የሚያሰባስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ የሚቆጥረው ስንት ሃያስያን በአዎንታ እንደጻፉ ነው፤ 60 በመቶ ከሞላ «ትኩስ» ይባላል። አንደኛውን ክፍል አድንቆ ሦስተኛውን የጠላ ሰው ጽሑፉ ወይ አዎንታ ወይ አሉታ ሆኖ ይመዘገባል፤ መሃል ቤት የለም። ሌላው መሰል ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ ሃያስያኑ የሰጡትን ነጥብ ከመቶ ቀይሮ ለአንዳንዱ ሃያሲ የበለጠ ክብደት እየሰጠ አማካይ ያወጣል፤ እሱም ቢሆን ሦስቱን ክፍሎች አይለይም። ስለዚህ ሃያሲው ስለ መሃለኛው ክፍል የጻፈውን አንቀጽ ፈልጉ፤ አቋሙ እዚያ ይገለጣል።

ቀጥሎ ቀኑን እዩ። ፊልሙ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የእኩለ ሌሊት ፕሮግራም ላይ ነው። አከፋፋዩ ማግኖሊያ ፒክቸርስ አሜሪካ ሲኒማ ቤት ያስገባው በፌብሩዋሪ 2008 ነው። እኩለ ሌሊት ላይ አብሮ ከሚጮህ ተመልካች ጋር ማየትና ቀን ለብቻ ተቀምጦ ማየት አንድ አይደለም።

ብዙ ግምገማ ፊልሙን ከዞምቢ ፊልም ወይም በ2006 ከታተመው የስቲቨን ኪንግ «ሴል» ልብ ወለድ ጋር ያነጻጽራል። እዚያ ስልክ ያነሡት ሰዎች አእምሯቸውን አጥተው እንደ መንጋ ይነዳሉ፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ምክንያት ይገድላል። ይህን ልዩነት የሳተ ግምገማ ፊልሙንም ስቶታል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ በ2014 የወጣ ተመሳሳይ ርእስ ያለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አለ፤ የሁለቱ ግምገማዎች በፍለጋ ውጤት ላይ ይቀላቀላሉ። ከተዋናዮቹ መካከል ሎረንስ ፊሽበርን ካለ የተሳሳተ ገጽ ላይ ናችሁ።