ሻዩ ሳይፈላ ያለቀው ሩጫ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን።

እኛ ቤት ኦሎምፒክ ሲታይ መቶ ሜትር የሻይ ሰዓት ነበር። «የእኛ ልጆች እስኪገቡ ሻይ ጣዱ» ይባላል። ሻዩ ሳይፈላ ሩጫው ያልቃል። ቤጂንግ 2008፣ ቀነኒሳ አስር ሺውን በሮጠበት ዕለት፣ ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ የሴቶች መቶ ሜትር ፍጻሜ ነበር። ጃማይካዊቷ ሼሊ-አን ፍሬዘር አንደኛ ወጣች። ሁለት የአገሯ ልጆች እኩል ገብተው ሁለቱም ብር ወሰዱ። ነሐስ የሚደርሰው ሰው ጠፋ! እኔ ምድጃው ጋ ነበርኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የጃማይካ ፍጥነት ሲነሳ ሁሉም ሰው መልሱ አፉ ላይ ነው። «ተፈጥሮ ነው» ይላል። የዩሴን ቦልት አባት ደግሞ ያኔ ምስጢሩ «ያም» ነው ብለው ነበር፤ እኛ ደቡብ ላይ ቦዬ የምንለው ሥራሥር። ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን እኛንም እኮ ፈረንጅ «ከፍታው ነው፣ ጤፉ ነው» ሲለን ቅር ይለናል። በቆጂ ላይ ልጆቹን ሲያስሮጥ የኖረው አሰልጣኝ የት ገባ ታዲያ?

ለእኔ የጃማይካ ነገር የትምህርት ቤት ነገር ነው። «ቻምፕስ» የሚሉት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር አላቸው፤ በፈረንጆቹ 1910 ነው የተጀመረው። የኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም በተማሪ ሩጫ ጢም ብሎ ይሞላል። የጊዮርጊስና የቡናን ጨዋታ አስቡት፣ ሜዳ ላይ ያሉት ግን ሰኞ ክፍል የሚገቡ ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤቶቹ የየራሳቸው ቀለም አላቸው፤ ኪንግስተን ኮሌጅ ወይን ጠጅና ነጭ፣ ካላባር አረንጓዴና ጥቁር። ሽማግሌው ሳይቀር የተማረበትን ቀለም ለብሶ ይመጣል። ዩቲዩብ ላይ የዱላ ቅብብሉን ሳይ፣ ዱላ የወደቀበት አንድ ልጅ መሙ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ቦልትም ሼሊ-አንም ያለፉት በዚህ ነው።

እኛ ትምህርት ቤት መቶ ሜትር በዓመት አንዴ ነበር፣ የወላጆች ቀን፣ በኖራ በተሰመረ አቧራ ላይ። መጨረሻ ወጣሁ። መምህሩ «አንተ ለረጅም ሂድ» አሉኝ። ለረጅሙም አልሆንኩም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፓሪስ 2024 ላይ ግን ሻይ አልጣድኩም። ዝናብ ነበር። ጁሊየን አልፍሬድ የምትባል የካሪቢያኗ ደሴት የሴንት ሉቺያ ልጅ መቶ ሜትሩን በ10.72 ሰከንድ ሁሉንም ጥላ ገባች። አገሯ 180 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነው ያላት፤ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ይበልጧታል። የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳሊያቸው ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ምሽት ዶሚኒካ የምትባለው ጎረቤት ደሴትም በቲያ ላፎንድ ስሉስ ዝላይ የመጀመሪያዋን አገኘች፣ እሷም ወርቅ።

ጁሊየን በ14 ዓመቷ ብቻዋን ጃማይካ ሄዳ ነው የተማረችው። ቦዬውማ አገሯም ይበቅላል። የሄደችው ትምህርት ቤቱና ውድድሩ ወዳለበት ነው።

እናቴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይዟት ነበር። በጩኸቴ ነቃች።

«የእኛ ገቡ?»

«አይ፣ የሴንት ሉቺያ ልጅ ናት።»

ልጅቷ ስታለቅስ ትንሽ አየቻት። «አባትና እናት አላት?» አለች።

አባቷ ልጅ ሆና እንደሞቱ ነገርኳት። እናቴ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ «እስቲ ድምፁን ጨምረው» አለችኝ።